እብቅ የሞላሁት ግድግዳ

ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ ሜዳው ገና በቤት ሳይሞላ የተሠራ ነበር። ግድግዳው አንድ ረድፍ ብሎኬት ነው፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ እዚያው ጭነት ክፍል ስለምሠራ ጆሮዬ ደንዝዟል። የባለቤቴ እናት ግን አልቻሉም።

ባላቸው ሞተው፣ ከሳሊተ ምሕረት ወዲያ የነበረው የእርሻ መሬታቸው ለቤት መሥሪያ ሲሰጥ እኛ ዘንድ መጡ። እንቅልፍ አጡ። በየጠዋቱ ነጠላቸውን አጣፍተው «ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። የቱ ቤት? ጎጆው ሜዳ ላይ ብቻውን ቀርቷል፤ ጎረቤት የለ፣ ውሃ የሚቀዳላቸው የለ። ባለቤቴ ታለቅሳለች። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የሚጠብቀኝ ይኸው ነው፤ መረረኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ መላ ነገረኝ። «ከውስጥ በኩል ሌላ ግድግዳ አቁምና መሀሉን ሰጋቱራ ሙላው። ድምፅም ብርድም አያሳልፍ።»

ግድግዳውን አቆምኩ። ሰጋቱራው ግን ከየት ይምጣ? ያኔ ሰፈሩ ሁሉ የሚያበስለው በሰጋቱራ ምድጃ ነው፤ አናጢ ቤት ገና ከመጋዙ ሳይወርድ ባለቤት አለው። አማቴ ይህን ሰምተው «እብቅ አለኝ አይደል?» አሉ። ከመጨረሻው አዝመራቸው አውድማው ዳር የቀረ የስንዴ እብቅ ነው። በጆንያ አስመጣነው።

ባልደረባዬ አይጥ እንዳይገባበት ኖራ ቀላቅል ብሎኝ ነበር። አማቴ ኖራውን ሲያዩ እጄን ያዙኝ።

«እህል ላይ ኖራ? ፍሬ አለበት እኮ! በረከት ይነሳናል።»

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። «እሺ እማማ፣ እንዳሉ» ብዬ እንዲሁ ከላይ ሞላሁት።

የአውሮፕላኑ ድምፅ እምብዛም አልቀነሰም። እብቁ እየተጠቀጠቀ ወርዶ ጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ ቀረ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አይጦቹ መጡ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ግድግዳው ውስጥ ኮሽ ኮሽ ሲሉ ያድራሉ። እንቅልፍ የማጣቱ ተራ የእኔ ሆነ። አንድ እሁድ መዶሻ ይዤ ላፈርሰው ስነሳ አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«ተው ልጄ። እዚህ ቤት ከመጣሁ እንቅልፍ የወሰደኝ እነሱ ከገቡ ወዲህ ነው። እዚያ አልጋዬ ከጎተራው ጎን ነበር፤ እንዲህ ነበር የሚያስተኙኝ።»

እውነታቸውን ነው፤ ፊታቸው ወዝ አውጥቷል፣ ስለ መሄድም ማውራት ትተዋል። ባለቤቴ እንጀራዋን በሰላም መብላት ጀምራለች። መዶሻውን አልጋ ሥር ወረወርኩትና ከዚያ ወዲህ ጭነት ላይ ተደግፌ የማንቀላፋ ሰው ሆንኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ኮሽታው እየሳሳ ሄደ። እብቁ ውስጥ የነበረው ፍሬ አልቆ መሆን አለበት። እፎይ ልል ስል አማቴን አየኋቸው፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። ቁርስ ላይ ባለቤቴን «ቤቴን አይቼ ልምጣ» አሏት። አይተው እንደማይመለሱ ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እህል በረንዳ ሄጄ ስንዴ ገዛሁ። አማቴ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ መሰላል አቆምኩና ስንዴውን በገዛ እጄ ግድግዳው ውስጥ አፈሰስኩት።