በጎህ የመጣ ዋንጫ

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሰፈራችን ካለች ሱቅ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቋ ያረጁ የባትሪ ድንጋዮችን መስኮቱ ላይ ደርድራ ፀሐይ ታስመታለች። በዚህ ዘመንም እንዲህ የሚያደርግ አለ ብዬ ልስቅ ነበር፣ ተውኩት። አንዱን አንስቼ በመዳፌ ጨበጥኩት፤ ሞቋል፣ የዛገ ቆርቆሮም ይሸታል። "የሞተ ነው እኮ እህቴ፣ የሚሸጥ አይደለም" አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። የሞተ ባትሪ ፀሐይ ሲያገኝ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ እንደሚዘራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የማውቀውም በደግ ቀን አይደለም። ላጫውትህ።

እኔ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። በረኛዋ የምልህ ደግሞ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በአንድ አጥር ነው የኖርነው። ስሟን አልጠራልህም፣ አትወድም። እናቷ ዓሣ ነጋዴ ነበረች። ባሏን ሐይቁ ከበላባት በኋላ ያንኑ ሐይቅ ተማምና ነው ልጇን ያሳደገችው። ጠዋት ጠዋት ወደ ዳሩ ይወርዳሉ፤ አስጋሪዎቹ ታንኳቸው ላይ ሆነው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይወረውራሉ፣ ልጅቱ እየቀለበች ዘንቢል ውስጥ ትጥላለች። እርጥብ ቆሮሶ ቀልበህ ታውቃለህ? ገላው ያሟልጫል፣ የጀርባው እሾህ ይዋጋል። ከእሷ እጅ ግን አያመልጥም። በኋላ ዳር ሜዳው ላይ ኳስ ስንጫወት እሷን ጎል ላይ ማቆም ልማድ ሆነ። "ኳስማ ምን አለው፣ ደረቅ ነው" ትለን ነበር።

እናትየው መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅ በቁምጣ ብላ ከሜዳ እየጎተተች ወስዳታለች። ሼሁም አልወደዱትም ነበር። ሼሁ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የታመመ ቤት ዱዓ የሚያደርጉ። ትንሽዬ ሬዲዮናቸው ግን ከጆሯቸው አትለይም፣ ዜናም ኳስም አያመልጣቸውም። ለውጥ መጣ ተብሎ ወጣቱ ሁሉ ባንዲራ ይዞ አስፋልት ላይ በሚጨፍርበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አሰልጣኝ ደሴ ላይ አይቷት ወሰዳት። ብዙም ሳይቆይ በሴቶች ብሔራዊ ቡድን መለያ በቴሌቪዥን አየናት። ያን ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ "ሴቶች ደግሞ ምን ኳስ ያውቃሉ" ይል የነበረው የሰፈራችን ባጃጅ ሾፌር ወንበር ላይ ወጥቶ ነበር የሚጮኸው። በማግስቱ ፎቶዋን ባጃጁ ጀርባ ላይ ለጠፈ። ሼሁም ፀጉሯን ትሸፍን እንጂ መቅለቡስ ምን ሐራም አለው አሉ። እናትየውም ከዚያ ወዲህ የልጇ ቡድን የሚጫወት ቀን ዓሣ አትሸጥም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

በረኛዋ ያን ጊዜ ካምፕ ገብታ ነበር። ለምሥራቅ አፍሪካ ዋንጫ ጎረቤት አገር ሊሄዱ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለች ዕለት፣ ፈቃድ ከሰጡኝ ሳልበር መጥቼ ዱዓሽን ተቀብዬ እሄዳለሁ ብላ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየውም ነይ አለቻት። ነይ ማለቷ ነው በኋላ የበላት። በማግስቱ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ከባድ መሣሪያው ከተራራው ወዲያ ማጉረምረም ጀመረ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ያዙ። የባጃጅ ሾፌሩን ባጃጅ ከነፎቶው ወሰዱበት። ከደሴ በእግራቸው የመጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሚኒባስ ተቃጥሎ አየን አሉ። እነማን እንደነበሩበት የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲያ እናትየው ደጃፏ ላይ ካለችው ድንጋይ አልተነሳችም። ከመንገድ የመጣውን ሁሉ ቀይ ሻንጣ የያዘች ረጅም ልጅ አላያችሁም ወይ ብላ ትጠይቃለች። አላየንም ሲሏት አልሐምዱሊላህ ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ አለማየታቸው ያስፈራታል። የእኔ እናት ሽሮ ይዛላት ስትሄድ ሁለቱ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ማርያምን ትጠራለች፣ አንዷ ነቢን ትጠራለች። ሽሮው ይቀዘቅዛል። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ጥፍሬን እበላ ነበር። ያኔ የጀመርኩትን ጥፍር መብላት እስከ ዛሬ አልተውኩም፣ ይኸው እየው።

ተስፋችን የሼሁ ሬዲዮ ብቻ ነበረች። ሱቅ ሁሉ ስለተዘጋ ባትሪ አይገኝም። ሰው ከእጅ ባትሪው፣ ከቆመ ግድግዳ ሰዓቱ እያወጣ ያመጣላቸዋል፤ እኔ ቀን ቀን ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ አገላብጣለሁ። ማታ ዜና ሲደርስ ሼሁ ታጣቂ እንዳይሰማ ሬዲዮዋን ጋቢያቸው ውስጥ ይከቷትና ጆሯችንን ከደረታቸው አስጠግተን እንሰማለን። አንድ ምሽት ሴቶቹ ለዋንጫ ማለፋቸውን ሰማን። ስም ግን አልተጠራም። ባጃጅ ሾፌሩ አሁኑኑ ሄጄ ለእናትየው ካልነገርኩ ብሎ ተነሳ፣ ሼሁ ልብሱን ይዘው አስቀመጡት። እሷ መኖሯን በምን አወቅህ አሉት። ስሟ ሳይጠራ ቢቀር ለእናቲቱ ምን እንላታለን? ስለዚህ ስሟን በጆሯችን እስክንሰማ ድረስ ላንነግራት ተስማማን።

የዋንጫው ዕለት ከሰዓት በኋላ የሼሁ ቤት ሰው ሞላው። በሩ ተዘጋ፣ ብርሃን በግድግዳው ስንጥቅ ብቻ ይገባል። የሰው ላብና የሼሁ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። ሬዲዮዋ እንደ በሽተኛ ታቃስታለች፣ ድምጿ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጋዜጠኛው የአጥቂዎቹን ስም ይጠራል፣ የተከላካዮቹን ይጠራል፤ እሷ ጋ ሲደርስ ግን "በረኛችን ያዘችው" ብሎ ያልፋል። አቤት ያ ሰውዬ፣ ወላሂ ባገኘው! የቡድኑ በረኛ አንዲት ብቻ አይደለችም። እየመራን ነው፣ ግን ማንንም ደስ አላለውም። እኛ ጎል አልነበረም የምንጠብቀው፣ አንዲት ስም ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ በእኛ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ባጃጅ ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ድምጹ ጠፋ። ሼሁ ሬዲዮዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት። ድምጹ ሲመለስ ጋዜጠኛው ስሟን ከነአባቷ እየጮኸ እየደጋገመ ይጠራ ነበር። አድናዋለች።

ያን ጊዜ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ድምፅ ሳያሰማ ሲጮህ አየሁ። መንገዱ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አሉ። ባጃጅ ሾፌሩ ጋቢውን ነክሶ አለቀሰ። ሴቶቹ እልልታቸውን በእጃቸው አፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ፊሽካው ተነፋና ሻምፒዮን ሆንን፤ ሼሁ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ቆዩ። ወዲያው ሬዲዮዋም ዝም አለች፣ ባትሪዋ አለቀ። ደግሞም መሽቶ ነበር፤ ከመሸ ከቤት የወጣ ይመታል ተብሏል። ጎህ ሲቀድ ሄደን እንነግራታለን ተባባልንና በየጓሮው ተበታተንን።

አሁን ልብ በል። አንዳችን ብቻ ብንሄድ ይበቃ ነበር፣ እኔ እንኳን አጥሩን ዘልዬ ብነግራት። ግን ይህን ደስታ ማን ለማን ይለቅለታል? ጎህ ሲል ሁሉም ከየቤቱ ወጣ። የሐይቁ ጉም ሰፈሩን ሸፍኖታል፣ ይበርዳል፣ ስለዚህ ነጠላችንንና ጋቢያችንን ተከናንበናል። እንዳንታይ ድምፅ አላሰማንም፣ አንገታችንን ደፍተን ነው የምንሄደው። ሼሁ ከፊት ናቸው። እንዲህ ሆነን ደጇ ላይ ቆምን። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፤ በጎህ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው። ከእኛ መሃል ይህን ያሰበ አንድ ሰው የለም።

በሩን ከፈተች። ሼሁን አየች፣ እኛን አየች። ሼሁ ደግሞ በደስታ እንዳትወድቅ ብለው ነው መሰለኝ፣

"እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አሏት።

"ልጄን!" ብላ እንደቆመች ወደቀች። ያን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። ነገሩን ያልሰማ ጎረቤት ሁሉ ደረቱን እየደቃ ከየቤቱ ወጣ፣ ሰፈሩ በአንዴ ለቅሶ ቤት ሆነ። እኛ አልሞተችም ለማለት አፋችንን ስንከፍት አንድ ታጣቂ በግቢው በር ገባ። ልጅ ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ምንድነው አለ። ሴቶቹን አየ፣ እናትየውን አየ፣ ከዚያ ቆቡን አወለቀና በተሰባበረ አማርኛ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ጥግ ላይ ቆመ። ሬዲዮ ሰምተን ነው ብንል ሼሁ ምን እንደሚደርስባቸው ማን ያውቃል? ልጇ በሕይወት ያለች እናት ፊታችን አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ እኛ ዝም ብለናል። እሱ እስኪወጣ የቆየንበትን ጊዜ በዕድሜዬ አልረሳውም።

ከወጣ በኋላ ሁላችንም አንድ ላይ እየተሻማን ነገርናት። አልሞተችም፣ ዋንጫ በልታለች፣ ስሟን ሰምተናል አልናት። እሷ ግን ለቅሶዋን አቁማ ሼሁን ብቻ ነው ያየችው።

"ባሌ የሰጠመ ለት 'ታንኳው ተገለበጠ እንጂ እሱ ወጥቷል' ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

እውነቷን ነው፣ መርዶ ነጋሪ መች መጀመሪያውኑ እውነት ተናግሮ ያውቃል? አብሽሪ ቢሏት፣ በቁርአን ቢምሉላት የሚሆን አልሆነም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያን ቀን ሙሉ የባትሪ ድንጋይ ስናሰጣ ዋልን። ራሷ በጆሮዋ ካልሰማች ሌላ መላ የለም። የሰፈሩ ሰው ያለውን የሌለውን ባትሪ አመጣ። ፀሐይዋ ደግሞ ከደመና ጋር ድብብቆሽ ይዛለች። እኔ ቆርቆሮው ላይ ሆኜ አገላብጣለሁ፣ አሸታለሁ፣ በጥርሴ ነከስ ነከስ አደርጋለሁ። ከታች የእናትየው እንጉርጉሮ ይሰማኛል፤ ልጇ እየቀለበች ያደገችበትን ዓሣ እያነሳች ትደረድራለች። ባትሪው ባይሠራስ? ቢሠራ ደግሞ ሬዲዮው ስለኳሱ ዳግመኛ ባያወራስ?

ማታ ዜና ሲደርስ ሼሁ ሬዲዮዋን ይዘው እግሯ ሥር ቁጭ አሉ። ስለ ጦርነቱ ተወራ፣ ረጅም ነው። ድምጹ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ሻምፒዮኖቹ ተብሎ የቡድኑ ነገር ተነሳ፣ ጋዜጠኛው አንዷን ሲጠይቅ ተሰማ፣ ያችው ናት። እናትየው የልጇን ድምፅ በመጀመሪያው ቃል ነው የለየችው፣ ሼሁን ክንዳቸውን ጨምድዳ ያዘቻቸው። ደስታሽን ለማን ትሰጫለሽ ተባለች።

"ለእናቴ" አለች። "ሐይቅ ናት። ስልክ የለም። በሕይወት ካለች…"

ሌላውን አልሰማነውም። እናትየው ሬዲዮዋን ከሼሁ እጅ ነጥቃ አፏ ጋ አስጠግታ "አለሁ! አለሁ ልጄ!" ትል ጀመር። ድምጿ መንገድ ይደርሳል ብላ እናቴ አፏን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ተወችው። ሬዲዮዋ ሞታለች። እሷ አሁንም አለሁ ትላታለች።

ታጣቂዎቹ ወጡ፣ ስልክ ተመለሰ፣ በረኛዋም ቀይ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ታሪኩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። አገር ለሻምፒዮን ይጨፍራል፣ ለእኔ ሐይቅ ለቅሶ ተቀመጠችልኝ እያለች በየሄደችበት ታወራው ነበር። እናትየው ግን ይህ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ባለፈው ክረምት እናትየው ታማ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ሼሁ ቀደም ብለው አርፈዋል። ባጃጅ ሾፌሩ ለእኔ ደውሎ፣ ለልጅቱ ማንም በስልክ እንዳይነግራት፣ አንቺው ሰው ይዘሽ ሂጂ አለኝ። አዲስ አበባ ያለን የሐይቅ ልጆችና የቡድን ጓደኞቿ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበን ወደ ቤቷ ሄድን። ያካፋል። ነጠላችንን ተከናንበናል። የአጥር ተጋሪዋ ነሽ ብለው እኔን አስቀደሙኝ።

በሩን የከፈተችው ለልምምድ ለብሳ፣ ጓንቷን በብብቷ ይዛ ነው። አንድ በአንድ አየችን። ጓንቱ ወደቀ።

"ዋንጫ ነው በሉኝ" አለች። "እባካችሁ፣ ዋንጫ ነው በሉኝ።"

ጓንቷን አነሳሁላትና እጇን ያዝኳት።

"እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አልኳት።