የግራዝማች ሬዲዮ የጠፋ ጊዜ

ትናንት ወረታ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አጠገቤ ያለ በዕድሜ የሚያህለኝ ሰውዬ ወጣቶቹን ያስተምራል። «እንደ ድሮው አውጫጭኝ ያለ ፍርድ ዛሬ የት ይገኛል! አገር ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ወፍ ትናገራለች፣ ሌባው ይወጣል። ወፍ አትዋሽም!»

«ወፏን አውቃታለሁ» አልኩት። «ጢም ነበራት።»

የሰው ለቅሶ ነውና አልቀጠልኩም። እዚህ ግን ማን ይከለክለኛል? ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው... የቆጠርኩትም ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የፎገራ ገበሬ ማረሻውን አባቴ ዘንድ ያስቀጠቅጣል፣ ወጡን በእናቴ ድስት ይሠራል፤ ከእኛ ጋር ግን ገበታ አይቀርብም። «ዓይናቸው ይበላል» ይሉናል።

በመንደሩ ሬዲዮ የነበራቸው ግራዝማች ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ምሽት መስኮታቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ ግቢው በሰው ይሞላል። እኔና አባቴ ከአጥሩ ውጭ፣ ዋንዛው ሥር ቆመን እንሰማለን።

የሚያስመጣን አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። የሬዲዮ ድራማ ፖሊስ ነው፤ ግን እንደ እሱ ያለ ፖሊስ አይታችሁ አታውቁም። ጫማው ይጠበዋል፣ ውሻ ይፈራል፣ መሄድ አይወድም፣ ሲነጫነጭ ውሎ ሲነጫነጭ ያድራል። አለቆቹ «ሌባውን ያዝ!» ሲሉት «ሌባው የት ይሄዳል? መጀመሪያ የጮኸውን ሰው አምጡልኝ!» ይላል። ጥርሱን ለሰው የማያሳየው አባቴ እንኳ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን ድራማው ውስጥ የሙሽራ ወርቅ ተሰርቆ አንድ ቀጥቃጭ ታስሯል። አባቴ ወናፉን እየነፋ «ይፈቱት ይሆን?» ይለኛል። መጨረሻው ቅዳሜ ይታወቃል ተባለ።

ዓርብ ሬዲዮው ጠፋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። ለማታውቁት ልንገራችሁ... ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም አይነሣም፣ እህል አይቀምስም። ሌባውን በስውር ለሽማግሎቹ የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም። ቦታው የወንዶች ነበር። እኔ ግን አባቴ እግሩን ታሞ ስለነበር ደግፌ አመጣሁትና አጠገቡ ቀረሁ።

ክረምቱን የተኛበት ሜዳ ገና ከውሃ መውጣቱ ነው። ልብሳችን እየራሰ ተቀመጥን። ስብሰባውን የሚመራው ጭቃ ሹሙ፣ የግራዝማች አማች፣ ጢሙን ሲፈትል የሚውል ሰው ነው። ወደ ሽማግሎቹ ሄደ፣ ተንሾካሾከ፣ ተመለሰና «ወፍ ተናገረች» አለ። ከእሱ በቀር ወደ ሽማግሎቹ የቀረበ ሰው አላየሁም።

«ቀጥቃጩ ነው። ሬዲዮውን ይመልስ፤ አለዚያ ቤቱን ነቅሎ ከአገር ይውጣ!»

አባቴ አቀረቀረ። «እኔ ምኑን አውቄ...» አለ። ከይፋግ እንዲሁ ተባረን ነው እዚህ የመጣነው። ከዚህ በኋላ የምንሄድበት አገር አልነበረንም።

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ድምፄን እንደዚያ ነጭናጫ ሃምሳ አለቃ አወፍሬ «ሌባው የት ይሄዳል? መጀመሪያ የጮኸውን ሰው አምጡልኝ!» አልኩ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም ሳቁ። ጭቃ ሹሙ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ተቀመጭ አንች! ይህ መቀለጃ መሰለሽ?»

«ምን እቀመጣለሁ ጌታው! እዚህም ቀጥቃጭ፣ ሬዲዮው ውስጥም ቀጥቃጭ! የሙሽራዋንም ወርቅ የሰረቀው እሱ ነው በሉና ስቀሉት!»

«ምን ታውቂና ትቀባጥሪያለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ቀጥቃጩማ ንጹሕ ነው! ወርቁን የሰረቀችው አማቲቱ ናት፤ ትራሷ ውስጥ አይደል እንዴ የተገኘው!»

አንድ ሽማግሌ ካህን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ልጄ» አሉት በእርጋታ፣ «ይህን ደግሞ መቼ ሰማኸው?»

ቅዳሜ ምሽት ከእኛ መካከል ድራማውን የሰማ የለም። ሌላ ሬዲዮ ለመስማት ጎንደር መውጣት ነው፤ ጭቃ ሹሙ ደግሞ ቅዳሜን የዋለውም ያደረውም መንደር ነው። ጢሙን ፈተለ።

ሬዲዮው ከቤቱ፣ ጎታ ውስጥ ጓያ ለብሶ ተገኘ። ለካ ብቻውን ሊስቅበት አምሮት ኖሯል!

ታዲያ ቤቱን ነቅሎ ከአገር የወጣ አለ? ምን ሲደረግ! አማች ነዋ። ሽማግሌ ገባ፣ በግ ታረደ፣ ታረቁ። አባቴን ይቅርታ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። በማግስቱ ማረሻ ይዞ የመጣ ገበሬ «ተረፍህ» አለው... በቃ፣ ካሣው ይህ ነው።

አባቴ ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። «ፈቱት ማለት ነው» አለኝ ብቻ። የድራማውን ቀጥቃጭ ማለቱ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ተመለሰ። እኔ ዋንዛውን አለፍኩ፣ የግቢውን በር ገፋሁ፣ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወዴት ነው አንች?» አለችኝ አጠገቤ ያለች ሴት።

«ሬዲዮ ልሰማ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ሌላዋም ተከተለቻት። አግዳሚው ባዶውን ቀረ። ዞር ብዬ ወደ አጥሩ ጮኽኩ፦ «ና አባየ፣ ቦታ ሰፍቷል!»

እያነከሰ መጣ።

ትናንትም ያ ወፍ አትዋሽም ባይ ተቆጥቶ ከአጠገቤ ሲነሣ... እግሬን ዘረጋሁ።