በሁዳዴ የተሰጣ የእንቁላል ቅርፊት

ዛሬም ሰው ሰላጣ ላይ ሊጨምር የአቼቶ ጠርሙስ ሲከፍት ሽታው አፍንጫዬን እንደነካው ቢቸና የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። እናቴ በሙቀጫ የወቀጠችውን የእንቁላል ቅርፊት አቼቶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ስትጨምረው ሽሽ እያለ አረፋ ይደፍቅ ነበር፣ እኔም ጆሮዬን ወደ ብርጭቆው አስጠግቼ ድምፁ እስኪጠፋ አዳምጥ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ቅርፊቱ ሟሟ ማለት ነው፤ እናቴ በነጠላ ጨርቅ አጥልላ ለድንጋያችን በትንሽ በትንሹ ትሰጠው ነበር።

ድንጋያችን የምንለው ኮራልን ነበር፤ ሲያዩት ድንጋይ የሚመስል፣ ግን ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ። እናቴ ተወልዳ ያደገችው አሰብ ነው። አገር ሲለያይ ከዚያ ወጥታ፣ የኬሚስትሪ መምህርት ሆና ቢቸና ተመድባ፣ አባቴን አግብታ እኔን ወለደች፤ አባቴ ገና አፌን ሳልፈታ ስላረፈ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ስለ ባሕር ብዙ አታወራም ነበር፣ ግን ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ላይ ቆማ ትቀር ነበር።

አጎቴ መሓሪ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ሐምሌ ጭቃውን አልፎ መጥቶ የባሕር ውሃ የሞላባቸው ጀሪካኖችና ባልዲ ውስጥ ቡጢ የምታህል ኮራል አወረደ። «ከአጥማጆች መረብ ላይ ተነቅሎ ተጥሎ ነው ያገኘሁት። ሳምንት ከቆየልሽ ትልቅ ነገር ነው» አላት። እናቴ ቀና ብላ «ሳምንት?» አለችው። እልህ የያዛት ያኔ ነው።

የመስኮት መስታወት የሚሠራ ሰው ገንዳ ሠራላት፤ ማሞቂያውንና አየር የሚነፋውን ትንሽ ሞተር አጎቴ አመጣ። የቢቸና ብርድ ለእኛም አይመችም እንኳን ለቀይ ባሕር ፍጥረት፤ መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ጠቅልለን ውሃውን በእጃችን እየቀዘፍን እናድር ነበር። የተነነውን በዝናብ ውሃ እንተካ ነበር፤ ዝናብ ግን አጥንት የሚሠራ ነገር የለውም። «ኮራሉ ቤቱን የሚሠራው ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ነው» ትለኝ ነበር እናቴ፣ «ባሕር ሰፊ ነው፣ አይጎድልበትም። የእኛ ግን በየቀኑ ይጎድላል፤ የወሰደውን እኛ እንመልስለታለን።»

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት መለካት ጀመርን። ጥቂት ውሃ በብርጭቆ ቀድታ ጠቋሚ ቀለም ስትጨምርበት ቢጫ ይሆን ነበር፣ ከዚያ የቀጠነ አሲድ አንድ አንድ ጠብታ እየጣለች ወደ ሮዝ እስኪቀየር ድረስ እኔ እቆጥር ነበር። ጠብታው ሲበዛ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት ጉልበት አለው ማለት ነው፤ አልካሊኒቲ ትለው ነበር፣ እኔ ግን ጉልበት እለው ነበር። ጉልበቱና ካልሲየሙ አብረው ካልሄዱ ድንጋዩ እንደሚሞት ከማባዛት ሰንጠረዥ በፊት አወቅሁ። ቅርፊት ሞልቶ ነበር፤ የምንበላው እንቁላል፣ የጎረቤት እንቁላል፣ የምግብ ቤቱ እንቁላል፤ የገናን ጾም ብዙ ሰው ስለማይይዘው ያኔም አልጎደለም። ጥር ላይ ኮራሉ በጥፍር ስፋት አድጎ ነበር፣ እናቴም ለአጎቴ ደውላ «ሳምንቱ አላለቀም» አለችው።

ከዚያ የካቲት መጣ፣ ሁዳዴም ገባ። እናቴ ቀመሩን ሁሉ ስታሰላ ይህን አላሰበችውም፤ ለሃምሳ አምስት ቀን ቢቸና ውስጥ እንቁላል የሚሰብር ክርስቲያን አልነበረም። በአሥር ቀን ጠብታው ከዘጠኝ ወደ ስድስት ወረደ። እናቴ ያሰበችው አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ሙስሊም ስለነበሩ እንቁላል ይጠብሱ ነበር። በየማታው ቅርፊቱን በላስቲክ ተቀብላ አመጣች፣ አጠበች፣ ግቢያችን ውስጥ በሰፌድ አሰጣችው።

ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ በአጥር ላይ አዩት። ምንም አላሉም፤ ለእኛ ነው እንጂ ለሌላውማ አሉ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ «እናትሽ በሁዳዴ እንቁላል ትበላለች» አለችኝ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ የምታስተምር ሰው ነበረች። እያለቀስኩ «ንገሪያቸው!» ብላት «ያልበላሁትን አልበላሁም እያልኩ በየደጁ አልዞርም» አለችኝ። የማርያም ማኅበር ተራ ሲደርስ ሳይጠሯት ቀሩ። ያን ቀን የማኅበሩን ሰዓት ሙሉ ቅርፊት ስትወቅጥ ዋለች።

የነፍስ አባታችን መምሬ ይሁኔ ቅዳሜ መጡ። «ልጄ ሰናይት፣ የማይሆን ነገር ሰማሁ» አሏት።

«ያምናሉ አባ?»

«ባምን ኖሮ ልጠይቅሽ አልመጣም ነበር።»

ወደ ገንዳው ወሰደቻቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት፣ የቅርፊቱንም ነገር ሰሙ። «ታዲያ ይኼ ነገር አይጾምም?» አሉ።

«አይጾምም አባ። ካጣ ይሞታል።»

«እንግዲያማ ቁጥሩ ከሕፃናትና ከሕሙማን ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ አየሁ። አገሬው ግን ሁሉ መጥቶ አያይም። ደካማውን እንዳታሰናክይ እስከ ፋሲካ ቅርፊቱን አንሺው፣ ከሻይ ቤቱም ቅሪ» አሏት። «እሺ አባ፣ ቅርፊቱ ይነሣል» አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ «ድንጋዩ ግን አይሞትም» ስትል ሰማኋት።

የቀረው ሌላ የካልሲየም ምንጭ ኖራ ነበር። ከደጀን በኩል የሚመጣውን፣ ሰው ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ ገዝታ በውሃ በጥብጣ ታሳድረው ነበር፣ ጠዋት የጠለለውን ብቻ ከላይ ትቀዳ ነበር። ስትፈራው የኖረችው ኖራ ስለሚያቃጥል ነው፤ ከበዛ ገንዳው ውስጥ ያለውን ሁሉ በሰዓት ይጨርሳል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ባገኘችው አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ፣ ለታማሚ እንደሚደረገው፣ ጠብ ጠብ እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲገባ አደረገች። ከሰዓት በኋላ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ሰማሁ። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው የኖራ ውሃ ቶሎ ካለቀ ነፃ እንደምወጣ አስቤ የቱቦውን መዘውር እስከ መጨረሻው ፈታሁትና ወጣሁ። ስመለስ ውሃው ወተት መስሎ፣ ኮራሉ ከላዩ የሚወጡትን ጥቃቅን ጣቶቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ ልጋግ ለብሶ አገኘሁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን በደብተሬ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። እናቴ ስትገባ አልመታችኝም፣ አልጮኸችም። ቱቦውን ዘጋች፣ አቼቶ በጠብታ እየጨመረች ለካች፣ የቀረንን ብቸኛ የባሕር ውሃ ጀሪካን ከፍታ ግማሹን ውሃ ለወጠች።

«ሞተ?» አልኳት።

«አላውቅም። ነገ እንለካለን። ከነገ ወዲያም እንለካለን።»

ኮራሉ ሦስት ሳምንት ጣቶቹን እንደሰበሰበ ቆየ። እናቴ በየጠዋቱ ለካች፣ ኖራውን አጠለለች፣ ሰላምታ በነፈጓት ሴቶች መሀል ራሷን ቀና አድርጋ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ደግሞ የኖራው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ከቱቦው ሥር አልተነሣሁም።

የፋሲካ ማግስት ጠዋት ጣቶቹ ወጥተው አየኋቸው፤ ጥቂት ነበሩ፣ ግን ወጥተዋል። እናቴን ልጠራ ስሮጥ በሩ ላይ እትዬ የሻረግን አገኘኋቸው። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዘው ነበር፤ ሲገልጡት የሰፈሩ ሁሉ የዶሮ ወጥ እንቁላል ቅርፊት ታጥቦ ተደርድሯል። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ለዚያ ለማይጾመው» አሉ። ሁዳዴውን ሙሉ አንድ እንባ ያላፈሰሰችው እናቴ ሰፌዱን ተቀብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከሁለት ዓመት በኋላ እናቴ ወደ ሞጣ ተዛወረች፣ ውሃውን በጀሪካን፣ ድንጋዩን በባልዲ አድርገን በአይሱዙ ሄድን። በሞጣ ሁለተኛው ክረምት መብራት ለብዙ ቀን ጠፍቶ ድንጋዩ በብርድ ሞተ። እናቴ የሞተበትን ውሃ ለካችና «ዘጠኝ ነው። ልክ ነበር» አለች፣ ያንኑ ዕለት ለአጎቴ ደወለች።

አሁን ያለን ሦስተኛው ነው። የተዘጋጀ ካልሲየም በፓኬት ይመጣልኛል፣ የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ አለኝ፤ ያኔ በሙቀጫና በወንፊት ቀን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ ዛሬ የጥቂት ደቂቃ ነው። የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ቢጫውን ከሮዙ ስለማትለይ ጠብታውን የምጥለው እኔ ነኝ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ቁጥሩን ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ደክሞኝ ገባሁና ብርጭቆውን በደንብ ሳላይ «ሰባት» አልኳት።

«ትናንት ዘጠኝ ነበር» አለች። «በአንድ ቀን ይህን ያህል አይወርድም። ድገሚው።»

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና እንደገና ቀዳሁ።