ተሸካሚዎቹ ይመዘናሉ

ወረታ ላይ «ሚዛኗ ሴትዮ» ካላችሁ ማንም የዙፋንን ቤት ያሳያችኋል። በፍቅር የወጣላት ስም አይደለም። መንገደኛው ሲቸኩል ጋቢ እያስወለቀች፣ ብብት ሥር የተወሸቀ የሩዝ ከረጢት እያስወጣች፣ ወፍራሟን ወይዘሮ በሰው ፊት ሚዛን ላይ የምታቆም ሴት በምን ትወደድ?

ዙፋን የርብ አየር ሠራተኛ ናት። ርብ አየር ማለት ሁለት ደቃቃ አውሮፕላን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የግጦሽ ሜዳ ላይ የተደለደለ ማረፊያ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤትና ከሩዝ መፈልፈያ የተገዛ ሰፊ የብረት ሚዛን ነው። በቃ። ከዚህ የተረፈ ንብረት ቢፈለግ አይገኝም።

ያቋቋሙት ካፒቴን በእውቀቱ ናቸው፤ የቋራ ሰው። የሰው አውሮፕላን ሲያበሩ አርጅተው ጡረታ ሲወጡ፣ እንደ እኩዮቻቸው አዲስ አበባ ቤት ሠርተው አልተቀመጡም። እናታቸው ጎንደር ለሕክምና መጥተው ሲሞቱ ክረምት ነበርና መንገዱ ተቆርጦ፣ ሬሳቸው አገሩ ሳይደርስ ከወንዝ ወዲህ ተቀበረ። በኋላ አፅማቸውን አስፈልሰው ቋራ ቢያስገቡም ቁጭቱ አልወጣላቸውም። ያላቸውን ሁሉ አንድ አሮጌ አውሮፕላን ላይ ያፈሰሱት በዚህ የተነሣ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይበረራል። ከዚያ በፊት ከብቱ ከሜዳው ይነዳል፤ የፎገራ ላም ደግሞ አውሮፕላን መጣ ብላ የምትደነግጥ አይደለችም። አስተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መድኃኒቱ፣ የጫጩቱ ካርቶን ይጫናል። ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የሞተ ሰውም ወደ አፈሩ ይመለሳል። የሚጫን ሁሉ ይመዘናል። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና ሳይደርቅ መሬቱ ጎማ ስለሚይዝ ትርፍ ክብደት አደገኛ ነው።

ዙፋን የተቀጠረችው ከባሏ ከካሴ ጋር ነው። እሷ መዛኝ፣ እሱ ጫኝ። ታዲያ አንድ ጥቅምት የአንድ ነጋዴ ሬሳ መጣ። ቤተሰቡ ለክብሩ ብሎ ሳጥኑን ከወፍራም ጣውላ አሠርቶ ውስጡን ብረት አልብሶት ነበር። ካሴ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ ሞከረው።

«ዙፌ፣ ይህ ነገር ከብዷል» አላት።

«እና ምን ላርግ? ሬሳ እንደ ሩዝ ይመዘናል እንዴ? ነውር እኮ ነው!»

እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር። እናንተም። ልቅሶተኛው ደረቱን እየደቃ፣ ካህናቱ ጸሎት እየደገሙ፣ ሬሳ ሚዛን ላይ ማን ደፍሮ ያወጣል? ዙፋንም በግምት «ይለፍ» አለች። እዚያ የሚያወርድ ሰው ስላልነበረ ካሴም አብሮ ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ከሜዳው ጫፍ ተነሣ ሲባል መልሶ ወርዶ ማዶ ካለው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የሩዝ ማሳ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ተረፉ። ካሴን ግን ሳጥኑ ተንሸራቶ ደረቱ ላይ ወድቆ ገደለው።

ካፒቴኑ ልቅሶ ቤት መጥተው ከመደብ ላይ አልቀመጥም ብለው መሬት ተቀመጡ። አንድም የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ወደ ሥራሽ ተመለሽ ብለው ላኩባት።

«እኔ ከእንግዲህ አልመዝንም» አለቻቸው።

«እኔ ደግሞ አንች ያልመዘንሽውን አላበርም» አሉ።

ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የአንዲት አስተማሪ ሬሳ መጣ። ዙፋን ወደ ሚዛኑ ስታመለክት ልቅሶተኛው ተቆጣ፤ ዱላ ያነሣም ነበር። ያን ጊዜ ካፒቴኑ ኮታቸውን አውልቀው የሳጥኑን አንድ ጫፍ በትከሻቸው ያዙ። ከሦስት ሰዎች ጋር ተሸክመው ሚዛኑ ላይ ወጡ። ከዚያ ሳጥኑን አስወርደው አራቱም ባዶ ትከሻቸውን ዳግም ቆሙ።

«ሬሳ አንመዝንም» አሉ ለሰዉ። «የሚመዘኑት ተሸካሚዎቹ ናቸው።»

ልዩነቱ የሳጥኑ ክብደት መሆኑን ማንም አላጣውም፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ተሸካሚዎቹ ሚዛን ላይ ሲወጡ ልቅሶተኛው ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞራል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ካፒቴን በእውቀቱ ወረታ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ቃላቸው ቋራ ከእናታቸው ጎን እንዲቀበሩ ነበር። ዙፋን ከካሴ ሞት ወዲህ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። «አንድ ቀን ቋራን አሳይሻለሁ» ሲሏት በሳቅ ታልፋቸው ነበር። አሁን ግን ቆርጣለች፤ ቋራ ሄዳ መቃብራቸው ላይ አፈር ትጥላለች። ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጃቸው ቤዛም ቦታ ይዛላታለች።

ማለዳ ሬሳው ሜዳው ላይ ደረሰ። ዙፋን በሚዛኑ አጠገብ ቆማ ስትጠብቅ ቤዛ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ዙፋን፣ አባቴን? በገዛ አውሮፕላኑ?»

«የሚመዘኑት ተሸካሚዎቹ ናቸው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ዛሬ እንኳ፣ ለእሱ ሲሉ ይለፍ ይበሉኝ።»

የምትወዳቸው ሰው ናቸው፤ ብትችል በሐር ጠቅልላ ባሳለፈቻቸው።

«ይለፍ ብዬ አውቃለሁ» አለቻት። «ይለፍ ብዬ ባሌን ቀብሬያለሁ።»

ቤዛ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ተሸካሚዎቹ ወጡ፤ ወረዱ፤ ባዶ ትከሻቸውን ቆሙ። ቀጥሎ ቤዛ፣ የካፒቴኑ ወንድም፣ ፍትሐት የሚያደርሱት ቄስ ተመዘኑ። በመጨረሻ ዙፋን ራሷ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። አብራሪው ሲሳይ አነበበላት። ደመረ፤ እርጥቡን ሜዳ አየ፤ እንደገና ደመረ።

«ምን ሆነ?»

«ትንሽ አልፏል፣ እትዬ» አለ አቀርቅሮ። «ትንሽ ናት እኮ። አየሩም ጥሩ ነው። ልሞክረው።»

ዙፋን ተሳፋሪዎቹን አየቻቸው። ልጅን ከአባቷ ቀብር ማን ያስቀራል? ወንድምንስ? ያለ ቄስስ እንዴት ይቀበራል? ሲሳይ ደግሞ ለእሷ አዝኖ ነው «ልሞክረው» ያለው፤ እሷም ያን ጊዜ ለልቅሶተኛው አዝና ነበር።

ከሚዛኑ ወረደች። ጫማዋን ሳታጠልቅ ጎንበስ ብላ ከሜዳው አንድ ቁንጥር ጥቁር አፈር አነሣችና የቤዛ ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጠረችላት።

«ከእኔ ይህን ጣይላቸው። ዙፋን ሜዳው ላይ ናት በያቸው።»

ቤዛ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ዙፋን ከብቱን ራሷ ከመንገዱ አባረረች። ካሴ ከሞተ ወዲህ አውሮፕላን ሲነሣ ወደ ሜዳው ጫፍ አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ወደ ቆርቆሮው ቤት ዞራ ድምፁን ብቻ ነበር የምታዳምጠው። ዛሬ ሳትዞር ቆመች። አውሮፕላኑ ጭቃ እየረጨ ሮጠ፣ ተነሣ፣ የቁሐር ሚካኤልን ሩዝ አልፎ ወደ ጣና ታጠፈ። ዓይኗ እስኪያጣው ተከተለችው። ከዚያ በኋላ ነው ነጠላዋን አደግድጋ፣ ካፒቴኑንም ካሴንም በስማቸው እየጠራች ያለቀሰችው።