እጅ በማርሹ ላይ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ጧት፣ ሮቤ ዳር ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ታናሽ ወንድሜ አባታችን ለጠየቁት ጥያቄ ሳያረጋግጥ መልስ ሰጠ። በዚያ መልስ ምክንያት የአባታችን ቀኝ እግር በትራክተሩ የኋላ ጎማ ሥር ተቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ጥያቄው ፈጽሞ አልተጠየቀም አለ። የመጀመሪያው ስሕተት ነው። በደል የምለው ሁለተኛውን ነው።

አባቴ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በመንግሥት እርሻ ጋራዥ ነው። እርሻው ሲፈርስ ማንም ያልፈለገውን አንድ አሮጌ ትራክተር ገዝተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የማይነሣ ትራክተር ሲገጥመው ወደ እርሳቸው ይመጣል። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ውርጭ የመጀመሪያ ጠላቱ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው። ቁልፉ ይዞራል፣ አንድ ጊዜ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ዝም።

በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የዶክትሬት ዲግሪ አለኝ፤ ኤሌክትሪክን የተማርሁት ግን ከዚያ ዝምታ ነው። አባቴ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ይፈትኑኝ ነበር።

«ነይ እስቲ ዶክተሯ፤ ጠቅ ብሎ የተወን ምኑ ነው?»

«ከባትሪው ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ገመድ። ማሰሪያው ዝጓል።»

«ሳትፈቺው በምን አወቅሽ?»

«ሲሞከር ማሰሪያው ጋለ። ሌላው ቀዝቃዛ ነው።»

«እንግዲያው ደመወዝሽን በከንቱ አይከፍሉሽም።»

ማሰሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን እናጠብቃለን፤ ካልሆነ ሞተሪኖውን አውርደን በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን፣ ተፍቆ ያለቀውን ካርቦን እንለውጣለን። ቤት ውስጥ የበቆሎ ዳቦ ይጠብቀናል። ዱቄቱ ከሃረና ደን በኩል ከሚወጣው በቆሎ የተፈጨ ነው፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት ይደረግበታል፤ ሲበስል ቅርፊቱ ቡናማ፣ ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ይሆናል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የምጋግረው እኔ ነኝ። በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ሞተር ሳይነሣ ዳቦ አይቆረስም። ያንን ዳቦ ያህል የጣፈጠኝ ምግብ የለም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ በሞተር ድምፅ ታጅቤ ነው የበላሁት።

ሌላው ሕግ ከጋራዡ የመጣ ነበር። ሞተሪኖው በቁልፍ እምቢ ሲል፣ ከጎኑ ቆሞ ሁለቱን ቡሎኖቹን በካቻቢቴ በማገናኘት ማስነሣት ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚቆመው በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ስለሆነ የማርሹን እጀታ አያይም። በእኛ ትራክተር ላይ ደግሞ ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክለው ማብሪያ ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ መካኒኩ «ማርሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጨረሻ የነዳው ሰው «ወጥቷል» ብሎ ይመልሳል። እጀታውን በእጁ ሳይነቀንቅ መመለስ ክልክል ነው። ወንድሜም እኔም ይህን ያወቅነው ማንበብ ከመቻላችን በፊት ነው።

በዋዜማው ትራክተሩን የነዳው ወንድሜ ነበር። ጧት ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቀረ። አባቴ ካቻቢቴያቸውን ይዘው ገቡ። ወንድሜ በትራክተሩ አጠገብ ቆሞ «እታለም፣ ሞተሩ እስኪነሣ በረሃብ አንጀቴ ሊታጠፍ ነው» አለኝ። ሳቅሁና ሕጉን ጣስሁ። ከእሳት የወጣ ትኩስ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ስላቃጠለው ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ ይዞት ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ቤት ጥቂት እርምጃ እንደተራመድሁ ሰማሁ።

«ማርሽ?»

«ወጥቷል፣ አባባ።»

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ትራክተሩም አብሮ ሄደ። የግንቡን አጥር ገጭቶ ሞተሩ ሲጠፋ የማርሹን እጀታ አየሁ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበር። ዳቦው መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተነክሷል።

ጎባ ሆስፒታል እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አባቴ ከዚያ ጧት የሚያስታውሱት ብርዱን ብቻ ነው። ወንድሜ ይህን እንደተረዳ፣ ነገሩን ሊያዩ በተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ፊት «አልጠየቁኝም፤ ዕድሜ ነው» አለ። እኔ የሰማሁትን ተናገርሁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብትረቺው እግሩ ይበቅላል?»

አይበቅልም። እኔም ስለ እግር አልተናገርሁም።

አባቴ አሁን ጎባ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ባለፈው ወር ከሲናና አንድ ገበሬ ሞተሪኖ በጆንያ ይዞ መጣ።

አባቴ ጆንያውን እንኳ አልከፈቱም። «ሌላ ሰው ፈልግ» አሉት። «እኔ ማርሽ ሳልጠይቅ ካቻቢቴ ያስነካሁ ሰው ነኝ።»

«እንዴ አባ፣ ላንድ ቀን ስሕተት?»

«በዚህ ሥራ አንዴ ይበቃል።»

ገበሬው ሐሳባቸውን ይለውጡ እንደሆነ ብሎ ጆንያውን በረንዳው ላይ ትቶት ሄደ። ካርቦኑን እኔ መለወጥ እችላለሁ፤ አልነካሁትም። በማግሥቱ የበቆሎ ዳቦ ጋግሬ አቀረብሁላቸው። ቅጠሉን ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ምን ተነሣና ነው?» አሉኝ፤ መልሰው ሸፈኑት።

ወንድሜ እግራቸውን በስሕተት ወሰደ፤ ስሕተት በማንም ይደርሳል፤ እጁን በዳቦ የሞላሁትም እኔ ነኝ፤ ይህን ለአባቴ ነግሬአቸዋለሁ። «ስለ እኔ ብለሽ ነው» አሉና አላመኑኝም። ሆን ብሎ የወሰደባቸው ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድም ቀን ሳይጠይቁ ያልሠሩ ሰው መሆናቸውን። ያንን ሊመልስ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው፤ አባቴም እየደከሙ ነው።

ስለዚህ የቀረውን የምጽፈው ለአንተ ነው፣ ወንድሜ። ይቅርታ አልፈልግም፤ ሽማግሌም አልሰበስብም። ከጥምቀት በፊት ጎባ መጥተህ፣ በረንዳው ላይ ከጆንያው አጠገብ ቁጭ ብለህ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው ይህን መልስ፤ ያን ጧት አባባ «ማርሽ?» ብለው ጠይቀውሃል ወይስ አልጠየቁህም? ከጠየቁህስ፣ «ወጥቷል» ስትል እጅህ የት ነበር?