የሚስቴ አድማጭ

ይህ ነገር የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ዛሬም ጥቁር የወንድ ጃኬት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ብቻዬን ከሆንኩ እስቃለሁ፤ ሰው ካለ ግን አንገቴን እደፋለሁ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን መጠገን ነው። ባለቤቴ ፋጡማ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ያኔ ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየተመላለሰች በዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ዲፕሎማ ትማር ነበር። መጀመሪያ ላይ «ሚስቴ ዩኒቨርሲቲ ገባች» ብዬ ሰፈሩን ያዳረስኩት እኔው ነኝ።

ነገር የመጣው ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ማዳመጥ መለማመድ ሲጀምሩ ነው። አንዱ ከራሱ ሕይወት እውነተኛ ነገር ያወራል፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ይሰማል። መምከር የለም፣ ማጽናናት የለም። የተወራው ከሁለቱ አያልፍም። ለእኔ ሚስት የደረሳት ዳዊት የሚባል ወጣት ነበር።

«ምን ታወሪዋለሽ?» ስላት «እሱ አይነገርም፣ ደንቡ ነው» አለችኝ። በትህትና ነው ያለችው፤ እኔን ግን እንደ ስድብ አቃጠለኝ። አሥር ዓመት አንድ ገበታ የቀረብኩት ሰውዬ የማልሰማው ምን ገመና ቢኖራት ነው? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰዓት ስቆጥር እውላለሁ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። እኔ ፊት ካለቀሰች ዓመታት አልፈው ነበር።

አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ የወንድ ጃኬት ለብሳ መጣች። ኮምቦልቻ ሲሞቃት ሹራብ ሳትይዝ ወጥታ ደሴ ዝናብና ብርድ ጠበቃት፤ ዳዊት አውልቆ ሰጣት። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ግን እሷ አውልቃው ጓዳ ስትገባ ጃኬቱን አሸተትኩት። ለበስኩትም። ትከሻው ሰፋኝ። ስትመለስ «ይህ ሴሚስተር ሲያልቅ ትምህርቱ ይብቃሽ» አልኳት። ደብተሯን አንሥታ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ረቡዕ ዕለት እሷ ሥራ ስትገባ እኔ ከሥራ አስፈቀድኩ። ጃኬቱን ፌስታል ውስጥ ከትቼ የደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳገቱን ስንወጣ ለዳዊት የምናገረውን እየደጋገምኩ አጠናሁ። ለካ እኔም እንደ ሚስቴ ሹራብ አልያዝኩም። ፒያሳ ባጃጅ እስካገኝ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ ምን ይደረግ፣ ጃኬቱን አውጥቼ ለበስኩት።

ዳዊት ሆጤ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። ይህንን ከሚስቴ ሰምቼ ስለነበር ጠይቄ አገኘሁት። አጭርና መልከ ጥፉ እንዲሆን መንገዱን ሙሉ ዱዓ ሳደርግ ነበር፤ ዱዓዬ አልደረሰም።

የፋጡማ ባል መሆኔን ነገርኩት። የገዛ ጃኬቱን እላዬ ላይ አየና በርጩማ አቀረበልኝ። ሚስቴ ምን እንደምትነግረው ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እሱን አልነግርዎትም።»

«እኔ እኮ ባሏ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ እርስዎ ያሉኝን ቢጠይቀኝም አልነግረውም።»

ያላገጠብኝ መሰለኝና ወረድኩበት። ትምህርቱን፣ ደንቡን፣ ጃኬቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሱ ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ተነሥቶ ይሸጥና ተመልሶ ይቀመጣል። አይመልስም፣ አይከራከርም። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ጠብ አይደምቅም፤ ቁጣዬ አለቀብኝ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔን ብቅል የማልቀምሰውን ሰውዬ ዝምታ አናገረኝ።

«ልጅ ነበረችን» አልኩት።

ሐያት ነበር ስሟ። በተወለደች በአሥራ ሁለተኛ ቀኗ ሞተች። በእኛ ወግ ቀብር የሚሄደው ወንድ ነው፤ እናቷ ቤት ቀረች። እኔ በዚህ እጄ አስገብቻት ተመለስኩና ፋጡማን «አብሽሪ፣ አላህ ይተካል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ስሟ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። የቱ ዛፍ ሥር እንዳስተኛኋት እንኳ ለእናቷ ነግሬያት እንደማላውቅ ነገርኩት። ይህን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ለምን እንዳወራሁ ዛሬም አይገባኝም።

ዳዊት አላጽናናኝም። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሣም። ስጨርስ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ጃኬቱን ሳልመልስ መምጣቴን ያወቅኩት ኮምቦልቻ ደርሼ ላቤ ሲንቆረቆር ነው። ፋጡማ በር ላይ አየችኝ፤ ጃኬቱንም አየች፤ የት እንደዋልኩ ገባት። አሳፈርከኝ ብላ ተቆጣች። ከዚያ ምን እንዳልኩት ጠየቀችኝ። «ደንቡ ነው» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት።

«የሐያትን ቀብር ነገርኩት» አልኳት።

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ለእሱ?» አለች ቀስ ብላ። «አምስት ዓመት እኔ ስጠብቅህ፣ ለእሱ ነገርከው?»

ቅናት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሳምንታት ሙሉ በመስታወት ሳየው ከርሜያለሁ። ያን ቀን ሚስቴ ዓይን ውስጥ አየሁት። የእሷ ግን ምክንያት ነበረው።

በማግስቱ ወደ መቃብሩ ቦታ ይዣት ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ዛፉን በጣቴ አሳየኋት። ስለ ከፈኗ ጠየቀችኝ፤ ማን ማን እንደነበረ፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበረ ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ እሷ አወራች፤ እኔ ሳላቋርጥ ሰማሁ። እስክንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

ስለ ትምህርቱ ያልኩትን ዋጥኩት፤ ፋጡማም ዲፕሎማዋን ይዛለች። ጃኬቱን አጥባ መልሳለታለች። ለዳዊት ምን ትነግረው እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ግን ዋሸሁ። በቁመቱም በመልኩም አልቀናበትም። የልጄ እናት ስታለቅስ መጀመሪያ የሰማት እሱ ነው፤ በዚያ እቀናበታለሁ። እሷ ፊት ለፊት መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።