አያ ሙላት ያጠበቁት ብሎን

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት የገዛ ጋቢዬ አንቆ ሊገድለኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ክረምቱ ሲከብድ ጋቢ ሳይደርቡ መዋል አይታሰብም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ትርፍ ሰዓቴን የማሳልፈው ጓሮ ባለችው ክፍል፣ ብረት በምቀርጽባት ትንሽዬ ቶርኖ ላይ ነው። ባለቤቴ ሁልጊዜ «ጋቢህን አውልቀህ ሥራ፣ አንድ ቀን ማሽኑ ይዞህ ይሄዳል» ትለኛለች።

እኔ ግን ማውለቁ ታከተኝና... ፍሪሲዮን ሠራሁለት። ሳህን የመሰሉ ሁለት ብረቶች ናቸው፣ በብሎን በሚስተካከል ሞላ የተጫኑ። የሆነ ነገር ማሽኑን ሲይዘው ብረቶቹ ይንሸራተታሉ፤ ሞተሩ ቢዞርም ፊት ያለው ብረት ይቆማል። በባህር ዛፍ እንጨት ሞከርኩት። ቀጥ አለ! ከዚያ ወዲህ ጋቢዬን ደርቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሠራው።

ቅዳሜ ዕለት ጎንበስ ስል የጋቢው ጫፍ ከሚዞረው ብረት ጋር ተጠመጠመ። እውነቴን ነው፣ ብዙም አልደነገጥኩም። አሁን ይንሸራተታል ብዬ ጠበቅኩ...

አልተንሸራተተም።

ጋቢው አንገቴ ላይ ጠበቀ። ፊቴ ወደ ብረቱ ይጎተት ጀመር። ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ነው፤ እጄን ብዘረጋ አልደርስ አልኩ። ልጮህ ብል ድምፅ የለም። በቃ እንደምሞት አወቅኩ።

ድንገት ማሽኑ ጸጥ አለ።

ቀና ስል ጎረቤቴ አያ ሙላት ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። በአጥሩ ሲያልፉ ሰምተው ነው የገቡት።

«ሞተር ሲያቃስት አውቀዋለሁ» አሉኝ፣ ጋቢውን በመቀስ እየቀደዱ።

ትንፋሼ ሲመለስ «ፍሪሲዮኑ ጉድ ሠራኝ» አልኳቸው።

«ኧረ እሱስ ደኅና ነው! አርብ አንተ ሥራ ሳለህ የበራችንን ማጠፊያ በማሽንህ ላስተካክል ገብቸ ሲንሸራተት አገኘሁትና ብሎኑን አጠበቅሁልህ። እኛ ወፍጮ ቤት ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተንሸራተተ ሳናጠብቀው አናድርም ነበር። አየኸው፣ እንዴት ግጥም አርጎ እንደያዘ?»

ደሜ ፈላ። ግን ነፍሴን ያተረፉ ሰው ናቸው፣ ምን እላለሁ?

«አያ፣ የሠራሁት እኮ እንዲንሸራተት ነው። ሰው ሲይዝ እንዲለቅ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

ብሎኑን አዩት። የተቀደደውን ጋቢ አዩት። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ያች ሴትዮ...» አሉ። «እህል ልታስፈጭ መጥታ ነጠላዋን ቺንጋው የያዘባት... እጇን ያጣችው። ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ።»

«የዚያን ዕለት ማለዳ ቺንጋው እየተንሸራተተ አስቸግሮኝ ነበር...» አሉ። «እኔ ነኝ ያጠበቅሁት።»

«አንቱ እንዲህ እንደሚሆን በምን ያውቃሉ አያ» አልኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም። ቀስ ብለው ተነሱና፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ።

ብሎኑን የዚያኑ ቀን አላላሁት፤ ለጋቢዬም በሩ ላይ ሚስማር መትቼለታለሁ። አያ ሙላት ግን ይኸው ሳምንታቸው፣ ከቤት አልወጡም።